25 ኪሎ የተባለ ሰርቮ በእውነት ስንት ያነሳል? (አንድ አራተኛ ኩብ፣ ጅማ)

ኩብ_ዘጅማ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ የምወጣ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ጻፍኩ።

ያለሁት ጅማ ነው። ሁለት በጋ ሙሉ ስሠራው የቆየሁት የፓይፐር ጄ-3 ኩብ አውሮፕላን ሞዴል ሊያልቅ ነው። የእውነተኛው አንድ አራተኛ ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 10.74 ሜትር ስለሆነ የኔው 2.68 ይመጣል። ሞተሩ ከሳር ማጨጃ የፈታሁት 26 ሲሲ ነው። ትናንት ጎረቤት ቡና የሚመዝኑበት ሚዛን ላይ ስሰቅለው፣ ያለ ነዳጅና ያለ ባትሪ፣ 7 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። እናቴ ተንጠልጥሎ ስታየው "ይኼ ነው በሰው አናት ላይ የሚበረው?" ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እስካሁን ያበረርኩት ባለ 9 ግራም ሰርቮ (ከሬዲዮው ሲታዘዝ ክንዱን አዙሮ የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሾች የሚያጥፈው ትንሽ ሞተር) የሚበቃቸውን ትንንሽ የፎም አውሮፕላኖች ነው። ይኼ ሌላ ነገር ነው። መርካቶ (የኛው የጅማ መርካቶ) አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ "ሰርቮ አላችሁ?" ስል ልጁ "የሰርቦ መኪና ከመናኸሪያ ነው" ብሎ በእጁ አመላከተኝ (ሰርቦ እዚሁ አጠገባችን ያለች ከተማ ናት)። ስለዚህ ያለኝ አማራጭ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። የሚመጣው አንዴ ነው፤ እኔም የምመርጠው አንዴ ነው።

ሁለት ነገር ፊቴ አለ። አንዱ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው፣ ጥርሱ ብረት፣ ጀርባው ላይ "25 ኪሎ" ተጽፎበታል። ሌላው ሃይቴክ ኤችኤስ-645ኤምጂ ነው፤ በ4.8 ቮልት 7.7 ኪሎ፣ በ6 ቮልት 9.6 ኪሎ ይላል። በሁለተኛው የአንዱ ዋጋ ከመጀመሪያው ሦስት ይገዛል። ታዲያ ባለ 9ኙ ከባለ 25ቱ የሚወደደው ለምንድን ነው?

የተንቀሳቃሾቹ መጠን፦ አይለሮን (ክንፉ ላይ፣ ወደ ጎን የሚያጋድለው) እያንዳንዱ ርዝመቱ 60 ወርዱ 10 ሳንቲም፤ ኤሌቬተር (ጅራቱ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው) በየጎኑ 40 በ9፤ ረደር (የቆመው ጅራት ላይ፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው) 35 በ13። እውነተኛው ጄ-3 ፍላፕ ስለሌለው የኔም የለውም።


ሶልደር_እጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው ጸጉሬ የሸበተው፤ አውሮፕላን አላውቅም። ሰርቮ ግን አውቃለሁ። ውስጡ ሞተር፣ ጥርሶች፣ ክንዱ የት እንደደረሰ የሚለካ አንድ ፖቴንሺዮሜትርና ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ተማሪ ለሮቦት ገዝቶ የተረፈው ባለ 25 ኪሎ እኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄህን እንዳነበብኩ አወጣሁት። በሁለት ብሎን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አሠርኩት። ክንዱ ላይ ከመሐሉ 4 ሳንቲም በሚርቀው ቀዳዳ ሲባጎ አስገባሁ፤ ከሲባጎው ሥር ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልቼ አንጠለጠልኩ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሚዛን ድንጋይ የለም።

አሁን ልብ በል። 25 ኪሎ የሚሉት ከመሐሉ 1 ሳንቲም ርቀት ላይ ነው። ክንዱ ሲረዝም ያው ቁጥር ይካፈላል። በ4 ሳንቲም ላይ 6 ኪሎ ሩብ ማንሳት ነበረበት፤ ሦስት ሙሉ ጠርሙስ እንኳ አይሞላውም ማለት ነው። ያደረገውን ልንገርህ፦ አንዱን ጠርሙስ ብድግ አደረገው። ሁለተኛውን ስጨምር "ዝዝዝ" እያለ ቆመ። ከሁለተኛው እየቀዳሁ ሳጎድል፣ በጠቅላላው 3 ሊትር ሲቀር ተንቀሳቀሰ። 3 በ4 ሲባዛ 12። ከተጻፈበት ግማሽ አልሞላም። ወለሉን ያጥለቀለቅኩት ሳይቆጠር።


ጅሬን_ሰማይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡32

ሁሉም ቦታ ባለ 25ቱን ግጠምና ተገላገል። ግማሹ ውሸት ቢሆን እንኳ 12 ከ9.6 ይበልጣል። ደግሞ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሰርቮው ላይ የሚያርፈውም ጫና ይቀንሳል።


ሒሳብ_ወዳድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ሜካኒካል የተማርኩ ነኝ፤ ዛሬ እንጀራዬ ሌላ ነው፣ እጄ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ይበላዋል።

ኩብ ወንድሜ፣ ጥያቄውን ከሰርቮው አትጀምር። መጀመሪያ "አይለሮኑ ስንት ይፈልጋል?" በል። በአየር ውስጥ የታጠፈ ተንቀሳቃሽ ማጠፊያው ላይ የሚያመጣው ጉልበት በአራት ነገር ይወሰናል፦ በስፋቱ፣ በወርዱ፣ በአየሩ ግፊትና በታጠፈበት ማዕዘን። ወርዱ ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው፤ አንዴ ስፋቱ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ራሱ እንደ ክንድ ሆኖ። ስለዚህ ወርዱን እጥፍ ያደረገ ሰው ጫናውን አራት እጥፍ አድርጓል። ረደርህ ከአይለሮንህ በጣም አጭር ሆኖ ሳለ እኩል ሰርቮ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ታየዋለህ።

የአየር ግፊቱ የአየሩ እፍጋት ግማሽ ተባዝቶ በፍጥነት፣ ደግሞ ተባዝቶ በፍጥነት ነው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል፤ እኛ ጋ ሞቅ ባለ ቀን 1 ኪሎ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። በሴኮንድ 20 ሜትር ስትበር ግፊቱ 200 ፓስካል ነው። አፍንጫውን ደፍተህ በሴኮንድ 35 ሜትር ብትወርድ 612 ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሆን ጫናው ሦስት እጥፍ አለፈ።

አሁን አይለሮንህን ላስላው። 0.6 በ0.1 ሜትር፣ ስፋቱ 0.06 ካሬ ሜትር። በወርዱ ሲባዛ 0.006። በ612 ሲባዛ 3.67። ለማዕዘኑ እስከ 20 ዲግሪ ድረስ 0.2 ልያዝ፤ ግምት ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል። 0.73 ኒውተን ሜትር ወጣ። አንድ ኒውተን ሜትር 10.2 ኪሎ በሳንቲም ስለሆነ፣ ማጠፊያው ላይ 7.5 ኪሎ ገደማ ነው። በዚሁ መንገድ የኤሌቬተሩ አንድ ጎን 4፣ ረደሩ 7.4።

ይኼ ግን ማጠፊያው ላይ እንጂ ሰርቮው ላይ አይደለም። በመሐል የሰርቮው ክንድና የሆርኑ (ተንቀሳቃሹ ላይ ተተክሎ ከሰርቮው የሚመጣውን ዘንግ የሚይዘው ምላስ) ርዝመት አለ። አይለሮኑ ላይ ያለው ሆርን 30 ሚሊሜትር፣ የሰርቮው ክንድ 18 ሚሊሜትር ከሆነ ሰርቮው የሚሸከመው ስድስት አሥረኛውን ነው፦ 4.5 ኪሎ። አይለሮኑ 20 ዲግሪ እንዲታጠፍ ሰርቮው 35 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ይችላል። ለጥንቃቄ እጥፍ አድርገው፣ 9። በ6 ቮልት 9.6 የሚሰጠው ሰርቮ ልክ ገባ። ኤሌቬተሩ በየጎኑ 5፣ ረደሩ 9።

ተቃራኒውን ያደረገ ሰው፣ ማለትም ሰርቮው ላይ 30 ሆርኑ ላይ 15 የገጠመ፣ 15 ኪሎ ይጫንበታል። ላይ የተጠቆመው "25 ግጠምና ተገላገል" በዚያ ሰው እጅ ከገባ የጋሼን 12 ኪሎ ያልፋል።

ጅሬን ወንድሜ፣ ስለ ስስ አየር ያልከው ግማሹ ልክ ነው። እፍጋቱ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ግን ክብደቱ አልቀነሰም። ያንኑ 8 ኪሎ ለመሸከም ያንኑ ግፊት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በ11 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር ግድ ይለዋል። መጨረሻ ላይ ሰርቮው ጋ የሚደርሰው ያው ነው። ጅማ የምትቀንሰው የሞተሩን ጉልበት ነው እንጂ የሰርቮውን ሥራ አይደለም። እንዲያውም መንደርደሪያህ ይረዝማል፤ እሱን አስብበት።


ጅሬን_ሰማይ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ግን በጠዋት በባዶ ሆድ ይኼን ሁሉ ሒሳብ ያነበበ ሰው ቡና ይገባዋል።


ኩብ_ዘጅማ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ሆርኔን ለካሁት፤ 22 ሚሊሜትር ነው። ወደ 30 ላሳድገው ነው። ክንዱን ማሳጠር ብቻ አይበቃም ነበር?


ሒሳብ_ወዳድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡25

ክንዱን ብታሳጥር ሬሾው ይመጣል፤ ግን ሁለቱም አጭር ሲሆኑ በየቀዳዳው ያለው ትንሽ ልቅነት አይለሮኑ ጫፍ ላይ ይጎላል። የግማሽ ሚሊሜትር ልቅነት በ30 ሚሊሜትር ሆርን ላይና በ15 ሚሊሜትር ላይ እኩል አይደለም። ሆርኑን አሳድግ።


ንፋስ_ስልክ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ስለ ልቅነት ከተነሳማ እኔም ልግባ። አዲስ አበባ ነኝ፤ ትልልቅ ሞዴል ማብረር ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ፣ ብዙም ሰብሬያለሁ።

እህታችን ያሰላችው እንዳለ ይቁም። ከሒሳቡ የምትረዳው አንድ ነገር ግን አለ፦ ለኩብ ጉልበት ችግር አይደለም። ሁለቱም ሰርቮዎች ይችሉታል፤ ጋሼ በ12 የያዙትም ጭምር። ስለዚህ ምርጫው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ መሐል መመለሱና ጥርሱ ላይ ነው።

ሰርቮው እጅህ ሲገባ አብራውና መሐል ላይ አቁመው። ክንዱን በሁለት ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ ወዲህ ወዲያ በለው። ጥርሶቹ መሐል "ቀጭ ቀጭ" የሚል ባዶ ቦታ ከተሰማህ እሱን ለስሮትል (የሞተሩን ጋዝ ለሚከፍተውና ለሚዘጋው) አድርገው፤ ለኤሌቬተር አይሆንም። ከዚያ ከሬዲዮው ሙሉ ወደ ቀኝ ውሰደውና ልቀቀው፤ ሙሉ ወደ ግራ ውሰደውና ልቀቀው። ከሁለቱም ጎን ሲመለስ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው? አንዳንዱ ከቀኝ ሲመጣ እዚህ፣ ከግራ ሲመጣ እዚያ ይቆማል። እንዲህ ያለ ኤሌቬተር ላይ ካለ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ አይሄድልህም፤ ቀኑን ሙሉ ትሪም (ሬዲዮው ላይ ያለውን የመሐል ማስተካከያ) ስትነካካ ትውላለህ።

ልቅነት ሲበዛ የሚመጣው ሌላው ነገር ፍላተር ነው። አይለሮኑ በራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ድምፁ እንደ ትልቅ ጥንዚዛ ነው፤ ከሰማኸው በኋላ ጋዙን ለመዝጋት ያለህ ጊዜ አንድ ሁለት ሴኮንድ ነው። 25 ኪሎም ይሁን 50 ጥርሱ ከላላ አያስቆመውም።

ስለ ጥርስ ካነሳን፣ ብረት ሁሉ ጥሩ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ፕላስቲክ ጥርስ አዲሱ ላይ ልቅነት የለውም፤ መሬት ሲነካ ግን አንዷ ጥርስ ትዘላለች። ብረቱ አይዘልም፤ እየተፋተገ ግን ይበላል፣ በተለይ ነዳጅ ሞተር ሲያንቀጠቅጠው። ቲታኒየም ይቆያል፤ ዋጋውም ይቆያል፣ ኪስህ ውስጥ ምንም ሳይተው። ለኩብ ደህና የተሠራ ተራ ብረት ይበቃሃል፤ በየወቅቱ በጣትህ ፈትሸው።

ኤሌቬተሩን በሁለት ሰርቮ አድርገው፤ ለየጎኑ አንድ። ጉልበት ስለሚጨምር አይደለም። አንዱ አየር ላይ ቢሞት በሌላው ታሳርፈዋለህ። አንድ ብቻ ከሆነ የሚቀርህ ጸሎት ነው። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት፣ አብረው የተገዙ ይሁኑ።

አሁን የራሴን ኃጢአት። ከዓመታት በፊት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሁለተኛ በረራዬ ነበር። የኤሌቬተሩን ክንድ የሚይዘውን ብሎን ማታ ለማስተካከል ፈትቼ ነበር፤ መልሼ ማጥበቄን ረሳሁ። ለሰባት ደቂቃ በረረ። በስምንተኛው ክንዱ ከጥርሱ ላይ ወጣ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ጤፍ ማሳ ውስጥ ገባ። ስደርስ ባለ ማሳው አጠገቡ ቆመዋል፤ አውሮፕላኑን አላዩም፣ የተደፋውን ጤፍ ነው የሚያዩት። "ልጄ፣ ቤንዚኑ መሬቱን አያበላሸውም?" አሉኝ። ካሳውን ከፈልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቻቪቴ ከኪሴ አይጠፋም፤ እያንዳንዱን የክንድ ብሎን በጠብታ ማጣበቂያ አስሬ ነው የማስነሳው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ክንድ ለብቻው ከገዛህ በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ጥርስ ቁጠር። የፉታባ ሰርቮ 25 ጥርስ ነው፣ የሃይቴክ 24፣ የጄአር 23። ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። በመዶሻ ያስገባ ሰው አውቃለሁ። አዎ፣ ገባለት።


ሒሳብ_ወዳድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቢፈቅዱልኝ። ጠርሙሱን ሲያነሱ ሰርቮውን በምን አበሩት? ሰርቮው ሲጨነቅ ቮልቴጁን እዚያው ሶኬቱ ጋ ለክተውት ነበር? ቁጥሩ የቮልቴጁ ልጅ ስለሆነ ነው።


ሶልደር_እጅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡45

ልጄ፣ አስነሳሽኝ። ለአራት ደረቅ ባትሪ ማስቀመጫ ውስጥ የቆዩ ቻርጀብሎች ነበሩ፤ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ሽቦም አንድ ሜትር፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ። "አምስት ቮልት ገደማ ነው" ብዬ ነው ያለፍኩት። ሰው ስንት ዓመት ሠርቶ እንዲህ ያደርጋል?

ዛሬ ሱቄን እንደከፈትኩ መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ አሰርኩና እንደገና ሦስት ሊትሩን ሰቀልኩ። ባዶውን 5.2 ያሳያል። ሰርቮው መሳብ ሲጀምር ቁጥሩ ዝርግፍ ብሎ 4.3 ላይ ቆመ። ከዚያ ያንን ሽቦ ጥዬ፣ በወፍራም አጭር ሽቦ በየድኩት፤ ኃይሉንም 6 ቮልት ከሚሰጥ ጠንካራ ሬጉሌተር አመጣሁ። ሰርቮው ሲጨነቅ 5.8 ያዘ። ሁለቱንም ጠርሙስ ሞልቼ ሰቀልኩ። አነሳቸው። 4 ሊትር በ4 ሳንቲም፣ 16።

ከዚያ መነጽሬን አደረግሁና የሰርቮውን ጀርባ አነበብኩ። "25" የሚለው ትልቅ ነው። ከሥሩ፣ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል፣ "በ8.4 ቮልት" ይላል። 16ን በ5.8 አካፍዬ በ8.4 ሳባዛ 23 መጣልኝ። ማክሰኞ ዕለት ግማሹ ውሸት ነው ያልኩትን ሰርቮ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ውሸታሙ ሽቦዬ ነበር።


ጅሬን_ሰማይ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡00

ጋሼ ለሰርቮ ይቅርታ የጠየቁ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።


ኩብ_ዘጅማ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በርስዎ ውኃ ነው እኔ የተማርኩት። አሁን ጭንቀቴ ወደ ባትሪ ዞረ። በእጄ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ የሊቲየም ሴሎች አሉ። ሁለቱን በተከታታይ ባገናኛቸው 7.4 ይሆናሉ። ይበቁኛል?


ንፋስ_ስልክ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡10

ይቅርብህ። ሙሉ ሲሞሉ 7.4 ሳይሆን 8.4 ናቸው፤ የመረጥከው ሃይቴክ ደግሞ ከ6 ቮልት በላይ አልተሠራም። ሁለተኛ፣ የላፕቶፕ ሴል ያረጀ ሲሆን ድንገት ብዙ አምፔር ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ የጋሼ ሽቦ ታሪክ በአየር ላይ ይደገማል። አንድ ስታንዳርድ ሰርቮ ታንቆ ሲቆም ሁለት ሦስት አምፔር ቢወስድ አይገርምም። አንተ አምስት ሰርቮ አለህ፣ ስሮትሉን ሳይጨምር። ሁሉም አንዴ አይታነቁም፤ ግን ነፋስ ውስጥ ሁሉም አንዴ ይንቀሳቀሳሉ። ቮልቴጁ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰርቮው ሳይሆን ሪሲቨሩ (የሬዲዮውን ትዕዛዝ የሚቀበለው) ነው። ሪሲቨር ጠፍቶ እስኪነሳ ያለችውን ጊዜ የሚያውቃት ወድቆ ያየ ብቻ ነው።

ቀላሉ መንገድ አምስት የኒኬል ሴል ነው፤ 6 ቮልት፣ ከባድ ነው እንጂ ታማኝ። ሌላው ጥሩ ሊቲየም ባትሪ ከ6 ቮልት ሬጉሌተር ጋር፤ ሬጉሌተሩ በትንሹ 10 አምፔር የሚችል ይሁን። ከኤሌክትሪክ ሞተር መቆጣጠሪያ ጋር የሚመጣውን የ3 አምፔር ቤክ (ትንሽ ሬጉሌተር ነው) አትመነው።

ወደ ኤሌቬተሮቹ የሚሄደው ሽቦ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። በወፍራም ሽቦ ሥራው፤ በመሐል ያሉ ሶኬቶችን ቀንስ፣ የቀሩትን በክር እሰራቸው።


ሶልደር_እጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሶኬት ላይ እኔ ልጨምር። ጅማ ከመጋቢት እስከ መስከረም እርጥበቱ አይጣል ነው፤ በኔ ሱቅ ከሚመጣው ዕቃ ብዙው የተበላሸ ሳይሆን ሶኬቱ አረንጓዴ የሆነ ነው። ክረምቱን ቤት ካስቀመጥከው፣ በጋ ሲገባ ሶኬቶቹን ሁሉ ነቅለህ፣ በአልኮል ጠርገህ መልስ። ሽቦውን ልትወስድ ስትመጣ አሳይሃለሁ፤ ሱቁ የት እንደሆነ ከሰርቦው ልጅ ጠይቅ።


ንፋስ_ስልክ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሳልረሳ ስለ አገጣጠሙ። የሳር ማጨጃ ሞተር ያንቀጠቅጣል። ከሰርቮው ጋር የሚመጡ አራት ጎማዎችና አራት ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፤ ብዙ ሰው ቀለበቱን ገልብጦ ያስገባዋል። ሰፊው ጠርዝ ወደ እንጨቱ ነው የሚሆነው፣ ከታች። ከላይ ካደረግኸው ብሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ይጨፈለቅና መንቀጥቀጡ ቀጥታ ወደ ሰርቮው ይገባል። ፖቴንሺዮሜትሩ በአንድ ወር ይበላል፤ መሐል ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አንተም ፋብሪካውን ትረግማለህ።

ስሮትሉን በብረት ዘንግ አታገናኘው። ከሞተሩ እሳት የሚነሳው ረብሻ በብረቱ ተጉዞ ሪሲቨሩ ጋ ይደርሳል። የፕላስቲክ ዘንግ ይሁን። ለእሱ 3 ኪሎ ሰርቮ ይተርፋል።

ለሌሎቹ ግን ዘንግ ምን አስበሃል?


ኩብ_ዘጅማ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡40

የብስክሌት ጎማ ሽቦ። ባለ 2 ሚሊሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ወጥቶለታል። ለአይለሮኖቹ ሰርቮውን ክንፉ ውስጥ ከአይለሮኑ ፊት ለፊት ስላስቀመጥኩት ዘንጉ 12 ሳንቲም ብቻ ነው። ለኤሌቬተርም ሰርቮዎቹን ጅራት አካባቢ ላደርጋቸው ነበር፤ ከኋላ ከበደኝ።


ሒሳብ_ወዳድ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡55

12 ሳንቲም ላይ የብስክሌት ሽቦ አይታጠፍም፣ ተረጋጋ። ኤሌቬተር ላይ ግን ሰርቮዎቹን ወደ ፊት ካመጣህ ዘንጉ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ያን ያህል ርዝመት ያለው 2 ሚሊሜትር ሽቦ ሲገፋ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ኤሌቬተሩም የታዘዘውን ያህል አይታጠፍም። ወይ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ በመሐሉ አስገባለት፣ ወይ ጅራቱ ጋ ተወውና ባትሪውን ወደ አፍንጫ አምጣ። ሁለት ሰርቮ 110 ግራም ገደማ ነው። 26 ሲሲ ሞተር ፊት ለፊት ተቀምጦ በ110 ግራም አይሸነፍም።


ኩብ_ዘጅማ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንግዲህ ወሰንኩ፦ አምስት 645፣ አንድ ተራ ለስሮትል፣ ሊቲየም ባትሪ ከባለ 10 አምፔር ሬጉሌተር ጋር፣ ወፍራም ሽቦ ከጋሼ። ዝርዝሩን ለአጎቴ ልጅ ልኬዋለሁ። ባትሪውን የትኛው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው ብሎ ጠይቆኛል።


ንፋስ_ስልክ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡45

ሊቲየሙን በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ። ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ያለ ባትሪ በእጅ ይያዛል፤ ከሆዱ ክፍል ይከለከላል። ሰርቮው የትም ይሁን። "የድሮን ዕቃ ነው ወይ?" ቢሉት የሚያሳየው ፎቶና ደረሰኝ ይያዝ፤ አንተም ለማብረሩ የሚያስፈልገውን ፈቃድ አስቀድመህ ጨርስ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያውም አካባቢ ራቅ። የኔን አንድ ሬዲዮ አንድ ቦታ አራት ወር አስቀምጠውብኛል፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ደሜ ይፈላል።


ጅሬን_ሰማይ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡10

ለማብረሪያ ወደ ሰርቦ መንገድ ላይ የታጨደ ሜዳ አይቼልሃለሁ። ሰርቮ ፍለጋ ሰርቦ መሄድህ ካልቀረ።


ኩብ_ዘጅማ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡15

ዕቃው ደረሰ። ጋሼ ሱቅ ወስጄ አምስቱንም በሃይላንድ ፈተንናቸው፤ በ5.9 ቮልት ሁለት ሊትር ከ300 በ4 ሳንቲም ያነሳሉ፣ አንዱም አልተለየ። 9.2 መሆኑ ነው። ልቅነታቸውን በጣቴ ፈትሻለሁ፤ ሁለቱን ጥብቅ የሆኑትን ለኤሌቬተር መርጫለሁ። የነሐስ ቀለበቶቹም ሰፊ ጠርዛቸው ወደ ታች ነው፣ አይታችሁ እንዳትሳደቡ።

አንድ ነገር ብቻ። የአጎቴ ልጅ "አሉሚኒየም ክንድ ካለ ይሻላል ብሎ ሰው ነገረኝ" ብሎ ስድስት የሚያማምሩ ቀያይ ክንዶች ይዞ መጥቷል። ሰርቮው ላይ አልገባ ሲለኝ ተቀምጬ በስልክ ካሜራ አጉልቼ ቆጠርኩ። 25 ጥርስ ናቸው።


ንፋስ_ስልክ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡22

መዶሻውን አርቀው።


ጅሬን_ሰማይ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ሐሙስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወንድም አለኝ። ንፋስ፣ ባለ 24 ጥርስ ክንድ አለህ?


ንፋስ_ስልክ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡34

አራት አሉኝ፣ ፕላስቲክ ናቸው፣ ለኩብ ይበቃሉ። አምስተኛውን ረደር ላይ ከሰርቮው ጋር የመጣውን ይጠቀም። ወንድምህ ስልክ ይደውልልኝ። ኩብ፣ ቀያዮቹን ላክልኝ፤ እኔ ፉታባ ነው ያለኝ።